ሐኪም ፍለጋ፦ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ሕይወትና ሕመም

ሥር የሰደደ ሕመም ሰውን በሁለት በኩል ያደክማል፤ አንድም በራሱ በሕመሙ፣ አንድም ሕመሙን የሚያውቅ ሐኪም በመፈለግ። ሐኪሞች ብግነት የሚሉት የሰውነት መቆጣት በቆዳ ላይ ሲወጣ ወይም በመገጣጠሚያ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ጋብ እያለና እያገረሸ ለዓመታት ይቆያል። ከቡሌ ወይም ከገደብ ደጋ ተነሥቶ ወደ ዲላ የሚወርድ ሕመምተኛ፣ በዲላ ካልተቻለ ወደ ሐዋሳ፣ በሐዋሳም ካልተቻለ ከዲላ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው አዲስ አበባ ይጓዛል። በየደረሰበት የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ይህን ሕመም በእርግጥ የሚያውቀው ማን እንደሆነ ነው።

ይህ ጥያቄ የገበሬና የነጋዴ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ የነበሩት አድያም ሰገድ ኢያሱ ይህንኑ ጥያቄ ይዘው መልእክተኛ እስከ ካይሮ ልከዋል። ታላቁ ኢያሱ እየተባሉ የሚጠሩት የእኒህ ንጉሠ ነገሥት ሕይወት ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በዘመቻቸውና ባሠሯቸው ሕንፃዎች በኩል ነው። ሆኖም በሕመማቸው በኩል የተመለከተው እንደሆነ፣ ዕውቀት ወደ አንድ አገር እንዴት እንደሚገባና ከገባም በኋላ እንዴት ተመልሶ እንደሚወጣ የሚያስተምር ታሪክ ሆኖ ይገኛል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢያሱ የአእላፍ ሰገድ ዮሐንስ ልጅ፣ የዓለም ሰገድ ፋሲል የልጅ ልጅ ነበሩ። አያታቸው ፋሲል በ1630ዎቹ ጎንደርን መናገሻ አድርገው የመጀመሪያውን ትልቅ ግንብ አሠርተዋል። አባታቸው ዮሐንስ በጁላይ 1682 ሲያርፉ መንግሥቱ ለኢያሱ ተላለፈ። አዲሱ ንጉሥ የነገሥታት ዘሮች ተጠብቀው ወደሚኖሩበት ወደ ወህኒ አምባ ሄደው ዘመዶቻቸውን እንደ ጎበኙና ኑሯቸውንም እንዳሻሻሉላቸው ይነገራል። በዙፋን ላይ ለሚቀመጥ ሰው ተፎካካሪዎቹ ሊሆኑ ለሚችሉት እንዲህ ያለ ርኅራኄ ማሳየት በዚያ ዘመን የተለመደ አልነበረም።

የኢያሱ ዘመን የሥራ ዘመን ነበር። በሃይማኖት ረገድ በቅባትና በተዋሕዶ መካከል የተነሣውን ክርክር ለማብረድ ሊቃውንቱን በጉባኤ ሰብስበዋል። በንግድ በኩል የቀረጡን ሥርዓት አሻሽለዋል። በሥዕሎቹ ዛሬ በዓለም የታወቀችውን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን የመሠረቱት እርሳቸው ሲሆኑ፣ በፋሲል ግቢ ውስጥም የጣሪያው ቅርጽ ኮርቻ የሚመስለውን የራሳቸውን ግንብ አሠርተዋል። ወደ ደቡብም በ1704 እስከ ግቤ ድረስ ዘምተዋል። ፈረስ መጋለብ የሚወዱ፣ የእጅ ጥበብንና ዕውቀትን የሚያከብሩ ንጉሥ እንደነበሩም ያዩዋቸው ሰዎች መስክረዋል።

እንዲህ ያለው ንጉሥ በአርባዎቹ ዕድሜያቸው የቆዳ ሕመም ያዛቸው። ሕመሙ ልጃቸውንም ነክቶ ነበር። በዚያ ዘመን በግልጽ የሚታይ የቆዳ ሕመም ከሥቃዩ ይልቅ የሚያስከትለው ፍርሃት ይብስ ነበር፤ ወደ ሥጋ ደዌ ይለወጥ ይሆናል የሚል ሥጋት አለና። ለተራው ሰው ይህ ሥጋት ከጎረቤትና ከገበያ መገለል ማለት ነበር። ለንጉሥ ደግሞ የዙፋን ጉዳይ ነበር። አካሉ የጎደለ ሰው ለንግሥና አይበቃም የሚል ልማድ ስለነበረ፣ ከነገሥታት ዘር አንዱን ከዙፋን ለማራቅ አካሉን ማጉደል የታወቀ ዘዴ ነበር። ስለሆነም የንጉሠ ነገሥቱ ቆዳ መቆጣት የአንድ ሰው ገመና ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም ነበር፤ የመንግሥቱም ሰላም ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነበር።

የቆዳ ሕመሞች መልካቸው እርስ በርሱ ይመሳሰላል። ችፌ፣ ጭርትና ሥጋ ደዌ በአጀማመራቸው ላልሠለጠነ ዓይን አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፤ የሚሹት መድኃኒት ግን የተለያየ ነው። የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን ያገኘው ገና በ1873 ነው። በብዙ መድኃኒት ቅንብር የሚሰጠውን የዛሬውን ሕክምና የዓለም ጤና ድርጅት እንዲሠራበት ያሳሰበውም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን የነበረ ሐኪም፣ በጎንደርም ይሁን በካይሮ ወይም በፓሪስ፣ በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶና ካለፉት ሕመምተኞቹ ጋር አስተያይቶ ከመፍረድ በቀር ሌላ መሣሪያ አልነበረውም። ከዚህም የተነሣ አንዱን ሐኪም ከሌላው የሚለየው ያያቸው ሕመምተኞች ብዛትና ከእነርሱ ያገኘው ትምህርት ነበር።

በጎንደር መድኃኒት ዐዋቂ ጠፍቶ አልነበረም። ደብተራው የመድኃኒት መጽሐፍ ነበረው፤ ሥር የሚምስ፣ ቅጠል የሚቀምም፣ የተሰበረ አጥንት የሚጠግን ወጌሻ ነበር፤ ጸበልና ፍል ውሃም ከጥንት ጀምሮ የቆዳ ሕመምተኛ መጠጊያ ነበሩ። የውጭ አገር ሐኪምም ቢሆን ለቤተ መንግሥቱ እንግዳ አልነበረም፤ በፋሲል ዘመን ጴጥሮስ ሃይሊንግ የተባለ የሕክምና ዕውቀት ያለው ጀርመናዊ በአገሪቱ ኖሯል። ነገር ግን የኢያሱን ሕመም በአገሩ የተገኘው ዕውቀት አላሸነፈውም። ንጉሠ ነገሥቱም ዕውቀቱ አለበት ከተባለው ቦታ ለማስመጣት ቈረጡ።

ለዚህ ተልእኮ የተመረጠው ሐጂ አሊ የተባለ ሙስሊም ነጋዴ ነበር። ምርጫው ምክንያት ነበረው። ከጎንደር ወደ ካይሮ የሚወስደው መንገድ በሰናርና በኖባ በረሃ፣ በእስላም አገሮች መካከል የሚያልፍ ስለነበረ፣ ዐረብኛ የሚያውቅ፣ ከቅፍለት መሪዎች ጋር የተላመደ ሰው ያስፈልግ ነበር። የጎንደር ሙስሊም ነጋዴዎች በሃይማኖት ከቤተ መንግሥቱ ቢለዩም፣ ለውጭ ጉዳዩ ዓይንና እግር ሆነው ያገለግሉት ነበር። ሐጂ አሊ የንግዱን ጉዳይ ከማከናወኑ ጋር አንድ በጎ ሐኪም ይዞ እንዲመለስ ታዘዘ።

እዚህ ላይ ሐኪም የሚፈልግ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ችግር በመልእክተኛው ላይ ወደቀ። ሐጂ አሊ የጨርቅን ጥራት ወይም የወርቅን ክብደት መመዘን ያውቅ ነበር፤ የሐኪምን ዕውቀት የሚመዝንበት ሚዛን ግን አልነበረውም። ባለሙያን በትክክል መመርመር የሚችለው ሌላ ባለሙያ ስለሆነ፣ ሙያውን የማያውቅ ሰው በዝናና በሌሎች ምስክርነት ከመመራት በቀር ምርጫ የለውም። በካይሮም ምስክር ለመሆን የተዘጋጁ ሰዎች አልታጡም። ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት መንገድ ሲፈልጉ የኖሩት የካቶሊክ ማኅበራት የሐኪሙን ጥያቄ እንደ መልካም አጋጣሚ ተመለከቱት። የፈረንሳዩ ቆንስል ቤንዋ ደ ማዬ ደግሞ ለንጉሡ ለሉዊ 14ኛ የሚጠቅም ግንኙነት የሚከፈትበት በር መስሎ ታየው። በመጨረሻም በካይሮ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊው መድኃኒት ቀማሚና ሐኪም ቻርል ዣክ ፖንሴ ተመረጠ።

ፖንሴ ብቻውን አልተነሣም። የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የሆነው አባ ብሬቭዳን የሐኪሙ አገልጋይ መስሎ፣ ስሙንም ዮሴፍ አሰኝቶ አብሮት ተጓዘ። ፋሲል ኢየሱሳውያንን በ1630ዎቹ ከአገር ካስወጡ ወዲህ የማኅበሩ ሰው በግልጽ መግባት አይችልም ነበር። እንግዲህ ንጉሠ ነገሥቱ የለመኑት መድኃኒት ሆኖ ሳለ፣ ከመድኃኒቱ ሣጥን ጋር የሌሎች ሰዎች ዓላማም አብሮ ተጭኖ ነበር። የሕመምተኛ ጭንቀት ለሌላው ሰው በር መክፈቻ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የመጨረሻውም አልሆነም።

ጉዞው የተጀመረው በጁን 10 ቀን 1698 ነው። መንገደኞቹ በዓባይ ሽቅብ ሄደው ቅፍለት እስኪሰበሰብ በላይኛው ግብፅ ቆዩ። ከዚያም በምዕራቡ በረሃ በኩል ወደ ዶንጎላ፣ ከዶንጎላም የፉንጅ ነገሥታት መናገሻ ወደነበረችው ወደ ሰናር ተጓዙ። በሰናር ወራት ካሳለፉ በኋላ በ1699 ክረምት መግቢያ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ተሻገሩ። አባ ብሬቭዳን በጉዞው ድካምና በሕመም ተዳክሞ ጎንደር ሊገባ ጥቂት ሲቀረው በጁላይ 9 ቀን 1699 ሞተ። ፖንሴ ራሱም ታሞ ነበር። ጎንደር የገባው በጁላይ 21 ቀን 1699 ሲሆን፣ ከካይሮ ከተነሣ አንድ ዓመት ከአንድ ወር ከዐሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። የሐጂ አሊ መውረጃ ሲጨመርበት ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ የጠበቁበት ጊዜ ከዚህም ይረዝማል።

ሕመሙ ድንገተኛ ቢሆን ኖሮ ሐኪሙ ለተዝካር በደረሰ ነበር። ሥር የሰደደ ሕመም ግን ይጠብቃል። ቶሎ ስለማይገድል ሕመምተኛው ተስፋ ለማድረግ ጊዜ ያገኛል፤ ስለማይለቅም ተስፋው በየዕለቱ ይፈተናል። ኢያሱ በእነዚያ ወራት ሁሉ ችሎት ተቀምጠዋል፣ ግብር አግብተዋል፣ ጉዳይ ፈጽመዋል፤ ሕመሙም ከእርሳቸው ጋር ነበር።

ፖንሴ በቤተ መንግሥቱ ዘንድ በክብር ተቀበሉት። ካረፈና ከሕመሙ ካገገመ በኋላ ሕክምናውን ጀመረ፤ ራሱ በጻፈው የጉዞ ታሪክ መሠረት ንጉሠ ነገሥቱም ልጃቸውም ተፈወሱ። በጎንደር ዘጠኝ ወር ያህል ቆይቶ ከተማዋን፣ ሥርዓተ መንግሥቱንና የንጉሡን ጠባይ በቅርብ ተመለከተ። የጻፈው መጽሐፍ በ1704 በፈረንሳይኛ፣ በ1709 ደግሞ በእንግሊዝኛ ታትሞ፣ የዚያን ዘመን ጎንደርን ለሚያጠኑ ሰዎች ዋና ምንጭ ሆኖ ቀርቷል።

ሆኖም ሥር የሰደደ ብግነት አንድ ጊዜ ታክሞ የሚረሳ ሕመም አይደለም። ቆዳው ሲጠራ ዳነ ይባላል፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ግን ሊመለስ ይችላል። በዚህ ዓይነት ሕመም ሐኪሙ ከመድኃኒቱ የማይተናነስ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ሕመሙ መልኩን በለወጠ ቁጥር መጠኑን የሚያስተካክለው፣ የጎዳውን ከጠቀመው የሚለየው እርሱ ነው። ፖንሴ በጤናዬ ምክንያት መመለስ አለብኝ ባለ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ያሰናበቱት በግድ ነበር፤ ተመልሶ እንዲመጣም ቃል አስገቡት። ይህ ጥያቄያቸው ሕመማቸውን ምን ያህል እንደተረዱት ያመለክታል።

ሐኪሙ በሜይ 2 ቀን 1700 ከጎንደር ወጣ። በምጽዋ አድርጎ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በጅዳና በሲና በኩል ካይሮ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ሙራድ የተባለ አርመናዊ መልእክተኛ ለፈረንሳይ ንጉሥ ልከው ነበር፤ ነገር ግን ከስጦታው የሚበዛው በመንገድ ጠፋ፣ ትንሹም ዝሆን ሞተ፣ ቆንስሉም የመልእክተኛውን ማንነት ተጠራጠረና ጉዳዩ በክርክር ተቋጠረ። ፖንሴ ፈረንሳይ ገብቶ በቬርሳይ ለጊዜው ቢከበርም፣ ብዙ ሳይቆይ ወደ ኢትዮጵያ ጭራሽ አልሄደም የሚሉ ሰዎች ተነሡበት። ወደ ጎንደር ሳይመለስ ሕይወቱ በፋርስ አገር አለፈ። ከእርሱ በኋላ በሉዊ 14ኛ ስም ወደ ኢትዮጵያ የተላከው ለኗር ዱ ሩል በ1705 በሰናር ከነጓዶቹ ተገደለ። በሐኪም ፍለጋ የተከፈተው መንገድ በደም ተዘጋ።

የኢያሱ መጨረሻም ያማረ አልሆነም። የሚወዷት ዕቁባታቸው ቅድስተ ክርስቶስ በሞተች ጊዜ በኀዘን ወደ ጣና ደሴት ገብተው ከዓለም ራቁ። በዚህ ጊዜ የልጃቸው የተክለ ሃይማኖት እናት መለኮታዊትና አጋሮቿ ልጁን በ1706 አነገሡት። ኢያሱ ዙፋናቸውን ለማስመለስ ወደ ጎንደር ሲገሠግሡ በንዳድ ተያዙና ወደ ደሴቲቱ ተመለሱ። ሐኪም በአጠገባቸው በሚያስፈልግበት በዚያ ሰዓት የመጡባቸው ገዳዮች ነበሩ፤ በኦክቶበር 13 ቀን 1706 በተኙበት ተገደሉ። አስከሬናቸው በጣና ምጽራሃ ደሴት ዐረፈ።

የኢያሱን ዘመን ከሙያ አንጻር የሚመለከት ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። በዚያችው ከተማ፣ በዚያው መቶ ዘመን ሁለት ዕውቀቶች ተፈትነዋል። አንደኛው የግንብ ዕውቀት ነው። ድንጋይ መጥረብ፣ ኖራ ማቡካት፣ ቅስትና ጕልላት ማዋቀር በፋሲል ዘመን በጎንደር ተተከለ፤ ግንበኛው ደቀ መዝሙሩን፣ አባት ልጁን እያስተማረ ከፋሲል ወደ ኢያሱ፣ ከኢያሱ ወደ በካፋ፣ እስከ እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ዘለቀ። እያንዳንዱ ንጉሥ ግንብ ሲያሻው ከካይሮ ግንበኛ ማስመጣት አላስፈለገውም። ሁለተኛው የሕክምና ዕውቀት ነው። ይህ ዕውቀት በአንድ ሰው ራስና በአንድ ሣጥን ውስጥ መጣ፤ ሰውዬው ሲሄድ አብሮት ሄደ። በጎንደር ከፖንሴ ሥር ሆኖ ሕክምና የተማረ፣ ከእርሱም በኋላ ያስተማረ ሰው ስሙ አልተነሣም።

የዚህም ውጤት ከሰባ ዓመት በኋላ ታየ። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ ፈንጣጣ በከተማው ነበር፤ የምንትዋብን ቤተሰብ ሕመምተኞች እንዲያክምም ተጠራ። በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ሞገስ ያገኘው መጀመሪያ በዚሁ ሕክምናው ነው። ፖንሴ በእርግጥ ጎንደር እንደነበረ በመመስከር ስሙን ካደሱት አንዱም ይኸው ብሩስ ነበር። እንግዲህ በሦስት ትውልድ ውስጥ ቤተ መንግሥቱ በሕመም ጊዜ የሚጠባበቀው እንደ ቀድሞው በአጋጣሚ የሚያልፈውን የውጭ አገር ሰው ነበር ማለት ነው።

ዕውቀቱ የተተከለው ብዙ ዘግይቶ ነው፤ ከተተከለባቸውም ቦታዎች አንዷ ራሷ ጎንደር ሆነች። በደምቢያ ከደረሰው የወባ ወረርሽኝ በኋላ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን ማሠልጠን ጀመረ። በ1965 ደግሞ ሥጋ ደዌን የሚያክምና የሚያጠና፣ ከሁሉም በላይ ሌሎችን የሚያሠለጥን ማዕከል፣ አለርት፣ በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ንጉሠ ነገሥቱ እስከ ካይሮ ያስፈለጉት ዓይነት የቆዳ ሕመም ዛሬ በአለርት የሚመረመረው አገር ውስጥ በሠለጠኑ ሐኪሞች ነው።

ከደቡብ ደጋዎች የተገኘው ምሳሌ ለመሐንዲሱ ይበልጥ ይቀርባል። ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ እስካጠናው ድረስ መንሥኤው አከራካሪ ነበር። ፕራይስ በ1970ዎቹ ሕመሙን ከአፈርና ከአየር ጠባይ ጋር አስተያይቶ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር ባለበት ደጋ በባዶ እግር የሚሄዱትን እንደሚይዝ አሳየ። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ገብተው ለረጅም ጊዜ የሚቆይ መቆጣት ያስከትላሉ። መከላከያው ጫማ፣ መንከባከቢያው ውሃ፣ ሳሙና፣ ቅባትና መጠቅለያ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በወላይታ በተጀመረው አገልግሎት ታክመው የተሻላቸው ሕመምተኞች ሌሎችን የሚያስተምሩ ሆነዋል። ይህ ዕውቀት አንድ ሰው ሲሄድ አብሮ አይሄድም።

ዲላም ዛሬ ሆስፒታልና ሐኪም የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ አላት። ከቡሌ ደጋ የሚወርደው ሕመምተኛ መንገድ ከሐጂ አሊ መንገድ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ሆኖም አሁንም አልፎ አልፎ እስከ አዲስ አበባ ይዘልቃል። መንገዱን የሚያሳጥረው ጥርጊያው ብቻ አይደለምና፣ አንድ ልዩ ሐኪም ወደ ዲላ በመጣ ቁጥር ስንት ሰው አከመ ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ከእርሱ የተማሩት እነማን ናቸው ብሎ መጠየቅ ይገባል። አድያም ሰገድ ኢያሱ የመጀመሪያውን ጥያቄ በሙሉ ኃይላቸው ጠይቀው መልሱን አግኝተዋል። ሁለተኛውን የሚጠይቅ ሰው ግን ጎንደር እስከ 1954 ድረስ መጠበቅ ነበረባት።